ሰርቨር ሳይነኩ የዳታ ማዕከል ባለሙያ መሆን

አባቴ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ወፍጮ ቤት ነበረው። መብራት ስላልነበረ ወፍጮው የሚዞረው በሊስተር ሞተር ነው። አባቴ ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ፣ እህል ሊያስፈጩ ከመጡ ሰዎች ጋር እየተጨዋወተ ቡናውን ሲጠጣ፣ ድንገት ሲኒውን ያስቀምጥና «ናፍጣው አየር ስቧል» ብሎ ይነሣል። እኛ ልጆቹ የምንሰማው ያንኑ የቀድሞውን ቱክ ቱክ ነው። እሱ ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሚመጣውን ቀድሞ ሰምቷል።

ይህን የማነሣው ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ወጣቶች «ዳታ ማዕከል እንዴት ገባህ? ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረህ ነው?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። የተማርኩት ኮምቦልቻ፣ በቴክኒክና ሙያ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሌክትሪክ ነው። በሙያው ከአሥር ዓመት በላይ ስቆይ አንድም ሰርቨር ፈትቼ፣ አንድም መስመር ፕሮግራም ጽፌ አላውቅም። የእኔ ሥራ ሰርቨሮቹ፣ የድርጅቱን መረጃ የሚይዙት ኮምፒውተሮች፣ የሚኖሩበት ክፍል ኃይል እንዳይቋረጥበት፣ እንዳይሞቅ፣ ውኃና እሳት እንዳይደርስበት መጠበቅ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች «የዳታ ሴንተር ፋሲሊቲ ቴክኒሽያን» ወይም «የፓወርና ኩሊንግ ባለሙያ» ይሉታል። ብዙ የኤሌክትሪክና የመካኒክ ተመራቂዎች «ዳታ» የሚለውን ቃል ሲያዩ የእኛ አይደለም ብለው ያልፉታል። እንዲህ ሲያልፉት ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማስታወቂያው የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ኮምፒውተሩ ወይም ኔትወርኩ ነው። በመላው ዓለም ያሉ ዳታ ማዕከሎችን የሚከታተለው አፕታይም ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት ግን፣ ለከባድ መቋረጦች መነሻ ከሆኑ ነገሮች ቀዳሚው የኃይል ችግር ነው። የኃይል ችግር ማለት ደግሞ ባትሪ፣ ብሬከር፣ ጄኔሬተር ማለት ነው። የእኛ ዕቃዎች ናቸው።

ትምህርቴን ጨርሼ፣ የደረጃ 4 የብቃት ምዘና ፈተናዬን አልፌ በ2004 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራው በሦስት ፈረቃ ነው። የክፍሉ ፎርማን ብዙ የማይናገሩ፣ እጃቸው የማይቸኩል ሰው ነበሩ። ማሽን ሲቆም የምርት ክፍሉ ኃላፊ በላያችን ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ እኔም ጩኸቱ እየገፋኝ እጄን ወደ ፓኔሉ እሰዳለሁ። አንድ ሌሊት ክንዴን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ አብሽር፤ ማሽኑ አይሸሽህም። መጀመሪያ ቴስተርህን አንሣ» አሉኝ። ከዚያ ሦስቱን ፊውዝ አንድ በአንድ ነቅለው የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ሥራው እስኪያልቅ ፊውዞቹ ከኪሳቸው አይወጡም። ማንም ሰው ከኋላ መጥቶ ኃይል ልልቀቅ ቢል ፊውዙ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ «ቆልፎ ምልክት መስቀል» የሚባለውን የደኅንነት ሥርዓት በወረቀትና በቁልፍ ሲያስተምሩን፣ እኔ የማየው ያንን ኪስ ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ቢራ ፋብሪካው ውስጥ በጥገና የምትሠሩ ልጆች ዛሬ የምትማሩት ነገር ዳታ ማዕከል ውስጥ ተፈላጊ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ፋብሪካ የሚያመሰግነው የቆመን ነገር ቶሎ ያስነሣን ሰው ነው፤ ዳታ ማዕከል የሚፈልገው ነገሩ እንዳይቆም ያደረገን ሰው ነው። ይህን ልማድ መቀየር እኔን ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል።

በ2007 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንድ ተቋም በኤሌክትሪሽያንነት ቀጠረኝ። ደመወዙ ከፋብሪካው እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ የሄድኩት የሌሊት ፈረቃ ስለሌለው ነው። ሰርቨር ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ የቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። አንዱን ሠራተኛ ለምን እንደተከፈተ ስጠይቀው «ደሴ እኮ ነው፤ ጦሳ ተራራ ነፋሱን ሲለቀው ከየትኛው ኤሲ ያንሳል?» አለኝ።

ይህ አስተሳሰብ ወሎ ደጋ ውስጥ እስከ ዛሬ ይገጥመኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 5 ኪሎ ዋት የሚወስድ አንድ ራክ፣ ማለትም ሰርቨሮች የሚደረደሩበት የብረት መደርደሪያ፣ 5 ኪሎ ዋት ሙቀት ይለቃል። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። አንድ ምጣድ ተኩል በጠባብ ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት፣ ያለ አንድ ደቂቃ ዕረፍት ሲነድ አስቡ። ውጭ ያለው ብርድ በመስኮት ገብቶ ይህን አያሸንፍም፤ የሚያስገባው አቧራውን፣ የክረምቱን ጭጋግና እርጥበት ነው። አቧራው የሰርቨሩን ማራገቢያ ይደፍናል፤ እርጥበቱ የብረት ግንኙነቶችን ይበላል። በሙያው የታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ፣ የሚመክረው ወደ ሰርቨሩ የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ነው። የሚለካውም በሩ አጠገብ ወይም ግድግዳው ላይ አይደለም፤ የራኩ ፊት ላይ፣ አየሩ በሚገባበት ቦታ ነው። እኔ ስለካው የግድግዳው ቴርሞሜትር 22 ሲል የላይኛው ሰርቨር ፊት 34 ነበር።

መስኮቱን ዘጋን። ባዶ የራክ ክፍተቶችን ገበያ ውስጥ የሚሠራ ቆርቆሮ ሠራተኛ በልክ በቆረጠልን ላሜራ ሸፈንን፤ ምክንያቱም በክፍተቶቹ ውስጥ የኋላው ትኩስ አየር ወደ ፊት እየተመለሰ ሰርቨሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍስ ነበር። በዚያ ብቻ የላይኛው ሰርቨር ፊት ወደ 27 ወረደ። አዲስ ኤሲ አልተገዛም።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። በ2008 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት የዩፒኤሱን ባትሪዎች ልንቀይር ነበር። ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ ነው፤ እሱ ሲጠገን ጭነቱን፣ ማለትም ሰርቨሮቹ የሚወስዱትን ኃይል፣ ዩፒኤሱን በሚዘል ማለፊያ መስመር ማሳለፍ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ዩፒኤሱን ራሱን ወደ ውስጣዊ ማለፊያው እንዲሸጋገር ማዘዝ፣ መሸጋገሩን በማሳያው ላይ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ከውጭ ያለውን የጥገና ማለፊያ ብሬከር መዝጋት፣ ማለትም ኃይል እንዲያልፍበት ማድረግ፣ ነው። አቅራቢው ድርጅት የላከው ባለሙያ ይህን ሲሠራ ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ ብዬ አመንኩ። ዩፒኤሱ በኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ሰርቨሮቹ ወደሚጠቀሙበት ኃይል በሚቀይረው ክፍሉ፣ ኃይል እየሰጠ ሳለ የውጭውን ብሬከር ዘጋሁት። ከውጭ የመጣው ኃይልና ኢንቨርተሩ የሚያመነጨው ኃይል ሳይጣጣሙ ተጋጩ። አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ክፍሉ ጸጥ አለ።

የሰርቨር ክፍል ጸጥታን ያልሰማ ሰው ምን እንደሚመስል ማስረዳት ይከብደኛል። በውስጡ ለሰዓታት ስትቆሙ ጩኸቱ ይለመዳል፣ አይሰማችሁም። ሲቆም ግን ጆሮ ይጮኻል። ግንባሬ ላይ የወጣውን ላብ አስታውሳለሁ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ የዩፒኤሱ ኢንቨርተር ተቃጥሎ ለወራት ያለ ዩፒኤስ ሠራን።

ኃላፊዬ አልጮኹብኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛውን ቀድመህ ነካህ?» በእርግጠኝነት መመለስ አልቻልኩም። ሁለት ብሬከሮች አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ፤ እጄ የቱ ላይ እንደቀደመ ማስታወስ አቃተኝ። የተቃጠለው ዕቃ ሳይሆን ይህ አለማወቄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። በማግሥቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።

ደብተሩ ላይ ማንኛውንም ሥራ ከመንካቴ በፊት ደረጃ በደረጃ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ መስመር ላይ አንድ ድርጊት ብቻ። ከጎኑ፣ ድርጊቱን ስፈጽም ማየት ያለብኝ ነገር፦ የቱ መብራት ይበራል፣ ማሳያው ምን ይላል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው ክላምፕ ሜትር ስንት ያነባል። ከዚያ በታች፣ ያሰብኩት ካልታየ ወደ ኋላ የምመለስበት መንገድ። ሥራውን ሁለት ሰው ይሠራዋል፦ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይነካል። የሚነካው ሰው ከመንካቱ በፊት ጣቱን ብሬከሩ ላይ አመልክቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የሚያነበው «አዎ» ካላለ እጁ አይንቀሳቀስም። ትልልቅ ዳታ ማዕከሎች ውስጥ ይህ የሥራ ቅደም ተከተል ሰነድ ተብሎ በኃላፊዎች ፊርማ ይጸድቃል። እኔ የደረስኩበት በተቃጠለ ኢንቨርተር ነው፤ እናንተ እንዲህ መማር የለባችሁም።

ቀጥሎ ሥዕሉን መሥራት ጀመርኩ። ከትራንስፎርመሩ ተነሥቼ፣ በዋናው ፓኔል፣ በኃይል ማቀያየሪያው፣ በዩፒኤሱ አልፌ እስከ እያንዳንዱ ሰርቨር መሰኪያ ድረስ መስመር በመስመር ተከተልኩ። አራት ወር ፈጀብኝ። ዋናው ሰርቨር ሁለት የኃይል ገመድ አለው፤ ሁለት የሆነው አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲኖር ነው። ስከተላቸው ግን ሁለቱም ከራኩ ኋላ ዞረው አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው አገኘኋቸው። ለዓመታት መተማመኛ አለን ብለን ስንተኛ የነበረው በአንድ ብሬከር ላይ ነው። ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንቱ እነዚህን ገመዶች በእጁ ይዞ እስከ ብሬከራቸው እንዲከተል እመክራለሁ። ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእጅ ባትሪና ትዕግሥት ይበቃል።

ስለ ጄኔሬተር ለወሎ ልጆች ለብቻው የምነግራችሁ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ናፍጣ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ ሰሌዳው ላይ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የተጻፈበት ጄኔሬተር፣ በተለይ አየር በግፊት የሚያስገባው ቱርቦ ከሌለው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ 100 አይሰጥም። ምን ያህል እንደሚቀንስ የአምራቹ መመሪያ ላይ በከፍታ ሰንጠረዥ ተቀምጧል። ግዥ ክፍል ይህን ሰንጠረዥ አያውቀውም፤ ማወቅ ያለበትና ቀድሞ መናገር ያለበት የእናንተ ሙያ ነው። የማቀዝቀዣ ማራገቢያም እንዲሁ ነው፤ ያው ዙር እየዞረ የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ባትሪ ግን ተቃራኒ ነው፤ ጠላቱ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ዩፒኤስ ውስጥ የምናየው ዝግ የሊድ ባትሪ ዕድሜው የሚሰላው በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ባትሪዎቹ በሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ ከ32ቱ አንዱ ከሞተ ሁሉም እንደሞቱ ነው። በየወሩ እያንዳንዱን ባትሪ መለካት፣ ከጓደኞቹ የተለየውን መፈለግ ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልቱ ሲሞላ 13 ነጥብ 5 አካባቢ ያነባል፤ አንዱ ብቻውን 12 ነጥብ 8 ካለ ያ ባትሪ ሊጥላችሁ ነው።

ብዙ ቦታ የሚደረግ አንድ ጥፋት ደግሞ አለ፦ ጄኔሬተሩን በየሳምንቱ ያለ ጭነት አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚቆም ያልተቃጠለ ናፍጣ ይከማችና ከጭስ ማውጫው እንደ ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከአቅሙ 30 በመቶ በላይ ጭኖ ግማሽ ሰዓት ማሠራት ይሻላል። አባቴ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀው ነበር፤ ሰው ሳይኖር ወፍጮውን ባዶ ማስነሣት አይወድም፤ «እህል ሳይበላ የሚሮጥ ሞተር ይታመማል» ይል ነበር።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአንድ ባንክ ዳታ ማዕከል የፈረቃ ቴክኒሽያን ቦታ ወጣ። ተወዳዳሪዎቹ አብዛኛዎቹ ዲግሪ ነበራቸው። እኔ ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ «መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ አልተነሣም፤ ዩፒኤሱ ዘጠኝ ደቂቃ ቀረኝ ይላል። ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። መጀመሪያ ለኃላፊው እንደምደውል፣ የሰርቨር ባለሙያዎቹ በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስፈልጋቸው ደቂቃ ከእኔ ጥገና እንደሚቀድም ተናገርኩ። ከዚያ ወደ ጄኔሬተሩ ሄጄ የማያቸውን በቅደም ተከተል ዘረዘርኩ፦ መምረጫው አውቶ (በራሱ እንዲነሣ) ላይ ነው ወይ፣ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ተጭኖ ቀርቶ ይሆን፣ የማስነሻ ባትሪው ስንት ቮልት አለው፣ የናፍጣው ቧንቧ ተከፍቷል ወይ። ጄኔሬተሮች በችግር ቀን የማይነሡት ብዙ ጊዜ በከባድ ብልሽት አይደለም፤ የማስነሻ ባትሪ በመድከሙ ወይም አንድ ሰው ለጽዳት ብሎ መምረጫውን ከአውቶ አውጥቶ በመርሳቱ ነው። ከዚያ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ሦስቱም ተቀባብለው ገለጡት። ስለ ዩፒኤሱ ስሕተት የጻፍኩበትን ገጽ አንዱ ጮክ ብለው አነበቡት፤ አልደበቅኩትም። ሥራውን ያገኘሁት በዚያ ገጽ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

አዲስ አበባ ብዙ ተማርኩ፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዱ ፈረቃ 12 ሰዓት ይፈጃል። በየሁለት ሰዓቱ ዙረት አለ፤ የእያንዳንዱን ፓኔል አምፔር፣ የእያንዳንዱን መተላለፊያ ሙቀት በእጅ ትጽፋላችሁ። ማሽኑ ራሱ እየመዘገበ ለምን በእጅ እንጽፋለን ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት አንድ ሌሊት ዙረት ላይ፣ መሣሪያው ያልያዘውን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ሲይዘው ነው፤ አንድ ብሬከር ላይ የላላ ብሎን ነበር። ጽሑፉ እግራችሁን ወደ ፓኔሉ ለማምጣት ነው። ባንኩ በወር መጨረሻ፣ ደመወዝ በሚከፈልባቸው ቀናት፣ ማንኛውንም ጥገና ይከለክላል፤ «ዛሬ አይነካም» የሚለው ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፋል። ቲየር 3 የሚባለው የአፕታይም ደረጃም በአጭሩ ሲገለጽ፣ ማንኛውም ዕቃ ለጥገና ሲወጣ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ መቀጠል የሚችልበት ማዕከል ማለት ነው። ደሴ ያቃጠልኩት ዩፒኤስ መንታ መስመር ቢኖረው ኖሮ ያ እሑድ ተራ እሑድ ሆኖ ያልፍ ነበር።

የ2014ቱ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲነካ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። መንገዱ ሲከፈት የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ለእርዳታ ጠራኝ። ስለ ሌላው ሁሉ የሚናገሩ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ስላየሁት ክፍል ብቻ ልናገር። በሩ ተገንጥሏል፤ ኬብሎቹ ከፓኔሉ ሥር ተቆርጠው ተወስደዋል፤ ባትሪ የለም፤ ቆርቆሮ ሠራተኛው የቆረጠልን ላሜራዎች መሬት ላይ ተበትነዋል። ኃላፊዬ፣ ያኔ «የትኛውን ቀድመህ ነካህ?» ያሉኝ፣ በሩ ላይ ቆመው «ከየት እንጀምራለን?» አሉኝ። ያን አራት ወር የፈጀውን ሥዕል ከመሄዴ በፊት ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ነበር። የትኛው ኬብል ስንት ሚሊ ሜትር ካሬ እንደሆነ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ብሬከር ስንት አምፔር እንደሆነ ሁሉም አለ። ያንኑ ቀን የግዥ ዝርዝሩን ጽፈን ላክን። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ክፍሉን ለማንቃት የፈጀብን አሥራ ሁለት ቀን ነው። ማራገቢያዎቹ መዞር ሲጀምሩ ኃላፊዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ልቤ አልሄደም። ዛሬ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ያሉ የአንድ ተቋም ሰርቨር ክፍሎችን ከአራት ቴክኒሽያኖች ጋር እንጠብቃለን።

ሥራው የት እንዳለ ለሚጠይቁኝ፦ ባንኮች፣ ቴሌኮም ኩባንያዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች ሁሉም ሰርቨር ክፍል አላቸው። አዲስ አበባ ጎሮ ባለው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ደግሞ እንደ ራክሲዮ፣ ዊንጉና ሬድፎክስ ያሉ ለሌሎች ድርጅቶች ቦታ የሚያከራዩ ማዕከሎች ተከፍተዋል፤ የሙያው መሰላል ረጅም የሆነው እዚያ ነው። መጀመሪያ ግን ባላችሁበት ከተማ፣ ማንም የማያየውን ትንሽ ክፍል ያዙ። በትንሽ ክፍል ውስጥ ከትራንስፎርመር እስከ መሰኪያ ሁሉንም የምትነኩት እናንተ ናችሁ፤ በትልቁ ማዕከል አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው የሚሰጧችሁ።

እንግሊዝኛ ያስፈራችሁ ይሆናል፤ እኔንም ያስፈራኝ ነበር። ሙሉውን መመሪያ ለማንበብ አልሞከርኩም። የዩፒኤሱን የማስጠንቀቂያ መልእክቶች ዝርዝር ብቻ ወስጄ፣ በየማታው አምስት አምስት እየተረጎምኩ ደብተሬ ላይ በአማርኛ ጻፍኳቸው። በሁለት ወር ሁሉንም አወቅኋቸው፤ ሌላው መመሪያ ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። ሽናይደር ኤሌክትሪክ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጣቸው የዳታ ማዕከል ትምህርቶች አሉ፤ ከኃይል፣ ከማቀዝቀዝና ከእሳት መከላከል ጀምሩ። ውድ የምስክር ወረቀቶችን በራሳችሁ ገንዘብ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ሥራ ከያዛችሁ በኋላ ቀጣሪያችሁ የሚከፍልበት ጊዜ ይመጣል።

የሌሊት ፈረቃ ቤተሰብን ይጎዳል፤ ይህን አልሸሽገውም። የመጀመሪያ ልጄ አፏን ስትፈታ እኔ ቀን የምተኛ ሰው ነበርኩ። በዓል ላይ ግን የወሎ ልጅ መሆን ጠቅሞናል፦ ለዒድና ለመውሊድ ክርስቲያኖቹ ይገባሉ፣ ለገናና ለጥምቀት ሙስሊሞቹ። ማንም ፕሮግራም አውጥቶ አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ስሞቹ በየቦታቸው ይገኛሉ።

ከአራቱ ቴክኒሽያኖች አንዷ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተመረቀች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ስትመጣ ደብተር ሰጠኋትና «እህቴ፣ መጀመሪያ የምታገኚውን ጻፊ፤ የምታስቢውን በኋላ» አልኳት። ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ዝናብ ሲጥል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጠዋት ደርሼ መዝገቡን ስከፍት በእርጋታ የተጻፈ የእጅ ጽሑፏን አየሁ፦ «7፡40። ዙረት። የጄኔሬተሩ መምረጫ ከአውቶ ወጥቶ አገኘሁት። ማን እንዳወጣው አልታወቀም። የሚሠራበት ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ ወደ አውቶ መልሻለሁ። የማስነሻ ባትሪ 26 ነጥብ 9 ቮልት። 7፡52። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጭነት ተቀበለ። 8፡00። ለኃላፊ ደውያለሁ።»